የድምፅ ሣጥንና የነጋዴ ሚዛን

ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ ቍልቍል ሲወረድ በሚገኘው በአልዩ አምባ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ዓርብ ዓርብ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ከታጁራ ወደብ የወጣው ቅፍለት፣ ከሐረር የመጣው ነጋዴ፣ የአርጎባው ሸማኔ፣ የአፋሩ ጨው አመላላሽና የሸዋው ባላገር በቋንቋም በሃይማኖትም የተለያዩ ሲሆኑ በአንድ ሜዳ ላይ ይገበያዩ ነበር። ገንዘባቸው አሞሌ ጨው ነበረ። ሻጩ አሞሌውን ከመቀበሉ በፊት ጫፉ ተሰብሮ ወይም ጐኑ ተሸርፎ እንደ ሆነ አገላብጦ ያያል፤ የተሸረፈ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል፣ አለዚያም ጨርሶ አይወሰድም። ይህን በማድረጉ ገዢውን ሌባ ነህ ማለቱ አልነበረም፤ ገዢውም በዚህ አይቈጣም። አሞሌን ማገላበጥ የገበያው ወግ ነበረ። ንጉሡ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ከመዋዋላቸው አስቀድሞ፣ ያን ሁሉ እንግዳ በአንድ ሜዳ ያስማማው ይኸው የማገላበጥ ወግ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዛሬው ሕዝብ ለምርጫ የሚሰጠው ድምፅ ከዚያ አሞሌ ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ አለ። ድምፅ ብቻውን አይበላም፣ አይለበስም፤ ዋጋው የሚታወቀው ሌላው ሰው ሲቀበለው ነው። ተሸናፊው አገላብጦ አይቶት ያልተሸረፈ መሆኑን ያመነበት ድምፅ መንግሥት ያቆማል። እንዳይታይ የተሸፈነ ድምፅ ግን፣ እውነተኛም እንኳ ቢሆን፣ በገበያ ላይ አይሄድም። በአልዩ አምባ ማገላበጥ ነውር አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ምርጫ ግን «ቈጠራውን ልይ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ጠበኛ ተቈጥሮ ኖሯል። ገና ሥር ባልሰደደ ዴሞክራሲ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ መቃናት ያለበት ይህ ነው።

የነጋዴው ወገን «ይህ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው፤ ነጋዴ በመጣው መንግሥት ሥር ይነግዳል» ማለትን ልማድ አድርጎታል። አባባሉ ከጥንቃቄ የመነጨ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ግብሩ ለብዙ ዘመን በሰው ግምት ሲቈረጥ የኖረ፣ የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ሲጠብቅ ያረጀ ሰው አፉን ቢሰበስብ ምክንያት አለው። ይሁን እንጂ አባባሉ በሒሳብ ሲመረመር አይቆምም። ምርጫ በተበላሸ ጊዜ ዕዳውን ከከፈሉት መካከል ሱቅ ያለው፣ መኪና ያለው፣ ዕቃው በመንገድ ላይ ያለ ሰው ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆኖ ይገኛልና።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተደረገውን ምርጫ ያላስታወሰ ነጋዴ አይኖርም። ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ በትዕግሥት ድምፁን ሰጠ። በአዲስ አበባ ቅንጅት ለተወካዮች ምክር ቤት ከነበሩት 23 መቀመጫዎች ሁሉንም፣ ለከተማው ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። የአገር አቀፉ ውጤት ግን ወራት ፈጀ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ድምፅ እንደ ገና ተሰጠ፤ በመጨረሻም ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ ተባለ። ስለዚህ ቈጠራ ዛሬም የሚከራከሩ አሉ። ማን ትክክል እንደ ሆነ እዚህ መፍረድ አያስፈልግም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ያልተዘጋ ሒሳብ መኖሩ ብቻውን በቂ ምስክር ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ብጥብጥ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ቈጥሯል። በእነዚያ ቀኖች የአዲስ አበባ ሱቆች ተዘግተው፣ ታክሲዎች ቆመው ነበር። የከፈተው ከአንዱ ወገን፣ የዘጋው ከሌላው ወገን ስለሚጠየቅ ባለ ሱቁ መዝጋትም መክፈትም ያስፈራው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት ይዟል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ፤ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም። ኪሳራ የሌለበት፣ የተበላሸ ዕቃ የሌለበት፣ ዱቤ ያልቀረበት፣ በየገጹ ትርፍ ብቻ የተጻፈበት መዝገብ የቀረበለት ሒሳብ መርማሪ ባለ ሱቁን «እንኳን ደስ ያለህ» አይለውም፤ ሁለተኛውን መዝገብ አምጣ ይለዋል። ሁለተኛው መዝገብም ሳይውል ሳያድር ተከፈተ። ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ፣ በክረምቱም በአማራ ክልል ተቃውሞ ተቀጣጠለ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ተቃጠሉ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። መቶ በመቶ የተባለው ውጤት ሦስት ዓመት እንኳ አላቆየም። በምክር ቤት ውስጥ ሊነገር የሚገባው ቅሬታ መቀመጫ ሲያጣ በመንገድ ላይ ተነገረ፤ መንገዱም የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ነበረ።

ከራስ አገር ምርጫ የራቀ ነጋዴም አይድንም። በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የኬንያ ፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በጥድፊያ ከተነገረ በኋላ በተነሣው እልቂት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞምባሳ ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድና ሐዲድ ተቈረጠ። በኬንያ ምርጫ አንድ ድምፅ እንኳ ያልሰጠው የካምፓላና የኪጋሊ ነጋዴ ነዳጅ አጥቶ ቆመ። ከውጭ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን በጅቡቲ በኩል የምታስወጣና የምታስገባ ኢትዮጵያ ይህን ምሳሌ ለማስተዋል ብዙ ማብራሪያ አያሻትም። የደብረ ብርሃን ነጋዴ ደግሞ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች ናት፤ የጣርማ በር መተላለፊያ በተዘጋ ቀን ብርድ ልብሱም፣ ቢራውም፣ ገብሱም በያለበት ይቆማል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ በጦርነትና በግጭት ምክንያት ስንት ጊዜ እንደ ተዘጋ ሾፌሮች በጣታቸው ይቈጥሩታል።

መቼም ነገሩ የቅርብ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው በ1949 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚያም በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ተመረጠ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩ ለመሆን ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ያም ፓርላማ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲበተን «እንደራሴዎቼን መልሱልኝ» ብሎ አደባባይ የወጣ መራጭ ብዙ አልታየም። በጥር 1979 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱ በ81 በመቶ ድምፅ ጸደቀ ተባለ፤ በዚህ የቆመው ሪፐብሊክ አራት ዓመት አልሞላውም። በብዙ ቍጥር የተደገፈ ሁሉ በብዙ ሰው የተደገፈ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ወዴት ነው? ብዙዎች በጎ ፈቃድን፣ የሽማግሌን ምክር፣ የፓርቲዎችን መሐላ ይጠቅሳሉ። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ነጋዴ ከነጋዴ ጋር ወንድማማች እንኳ ቢሆን ዕቃውን በደረሰኝ ነው የሚረካከበው፤ ደረሰኝ የወንድማማችነት መጠበቂያ እንጂ ማፍረሻ አይደለም። የምርጫ ደረሰኝ ደግሞ አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው በምርጫ አዋጅ ቍጥር 1162 መሠረት ድምፅ የሚቈጠረው በዚያው በተሰጠበት ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች በተገኙበት ይቈጠራል፣ በቅጹ ላይ ይፈረምበታል፣ ውጤቱም በጣቢያው በግልጽ ይለጠፋል። የምርጫ ታማኝነት ሁሉ በዚያች በር ላይ በተለጠፈች አንዲት ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል ቢባል ማጋነን አይደለም። ከጣቢያው ወደ ምርጫ ክልል፣ ከምርጫ ክልል ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚሄደው ቍጥር በመንገድ ላይ ቢለወጥ የሚያጋልጠው እርሷ ብቻ ናትና።

የዚህን ነገር ክብደት የማላዊ ሰዎች በውድ ዋጋ ተምረውታል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ባደረጉት የፕሬዚዳንት ምርጫ የቈጠራ ቅጾች በቢሮ «ፍሉድ» በሚባለው ነጭ ማጥፊያ ቀለም ተቀብተው፣ በላዩ ሌላ ቍጥር ተጽፎባቸው ተገኙ። ወራት የፈጀ ሰላማዊ ሰልፍና ክርክር ሆነ። በጥር 2012 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘው፤ በሰኔ ወር እንደ ገና ተመርጦ ተቃዋሚው አሸነፈ፤ የተሸነፉትም ፕሬዚዳንት ከቤተ መንግሥት ወጡ። የዳኞቹ ድፍረት የሚያስመሰግን ነው። ለነጋዴ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚገርመው የጥፋቱ ዓይነት ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ በባንክ መስኮት እንደማያልፍ የደብረ ብርሃን ትንሹ ባለ ሱቅ ያውቃል፤ ቍጥር ሲሳሳት በላዩ መስመር ተሰምሮ ፊርማ ይደረግበታል እንጂ አይቀባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ካስገደደ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለአንድ ሱቅ የተጠየቀው ጥንቃቄ ለአንድ አገር እንዴት ይበዛል?

ኬንያም ከ2000 ዓ.ም. መከራ በኋላ ወዲያው አልታረመችም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰርዞታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ግን የምርጫ ኮሚሽኑ ከአርባ ስድስት ሺህ በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች የመጡትን የውጤት ቅጾች ሁሉ በኢንተርኔት ዘርግቶ ለሕዝብ አቀረበ። ጋዜጠኛው፣ ተማሪው፣ ባለ ሱቁ እየደመረ ከኮሚሽኑ ጋር ሲያስተያይ ሰነበተ። ልዩነቱ ጠባብ ነበረ፤ ክርክርም ተነሣ፤ ኮሚሽነሮቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ። ቢሆንም ክርክሩ በድምር ላይ ስለ ነበር ወደ ዳኛ ሄደ፤ እንደ 2000 ዓ.ም. ወደ ገጀራ አልሄደም። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የየጣቢያውን ቅጽ እንዲሁ ለሁሉ ቢዘረጋ የሚያጣው ነገር አይታይም፤ የሚያገኘው ግን ብዙ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገው ምርጫ በአንዳንድ በኩል ከቀድሞዎቹ ተሽሎ ነበር፤ ይህን መካድ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በእስር ላይ የነበሩ የባልደራስ ዕጩዎች እንዲመዘገቡ ሲወስን ቦርዱ ውሳኔውን ፈጽሟል። ቦርዱ የራሱን ጕድለትም አልሸሸገም፤ ዝግጅቱ ስላልተሟላ ቀኑን ገፍቷል፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ባነሰባቸው ስፍራዎች ሰዓት ጨምሯል። በዕለቱም ሰብሳቢዋ ራሳቸው በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ፓርቲ ወኪሎች ከጣቢያ እየተባረሩ መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ሁለት ፊት አለው። የቦርድ ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን በይፋ መናገራቸው አዲስ ነገርና የሚያስመሰግን ነበር። ወኪል የተባረረበት ጣቢያ ግን አሞሌው ያልተገላበጠበት ጣቢያ ነው፤ አሸናፊው በእውነት አሸንፎ ቢሆን እንኳ ማረጋገጫውን በገዛ እጁ አባሯል። ውጤቱ ሲነገር ብልጽግና ፓርቲ ከ436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። በትግራይ ጨርሶ አልተመረጠም፤ በአማራ ክልልም በጸጥታ ምክንያት ያልመረጡ ስፍራዎች ነበሩ። በሰሜን ሸዋ አጣዬ የተቃጠለችው ከዚያው ምርጫ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነበር፤ ቤቱና ሱቁ ዐመድ የሆነበት ሰው የመራጭነት ካርዱን ይፈልግ ዘንድ መጠበቅ ከባድ ነው።

ይህም ወደ ደብረ ብርሃን ያደርሳል። ከወለጋና ከሌሎችም ስፍራዎች ተፈናቅለው የመጡ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች «ቻይና ካምፕ» በሚባለውና በሌሎችም መጠለያዎች ለዓመታት ተቀምጠዋል። ከከተማው ሱቅ ጨው ይገዛሉ፣ በከተማው ፋብሪካና በየግንባታው በቀን ሥራ ይውላሉ። ለተፈናቃዮችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ጣቢያ የሚቋቋምበትን መንገድ ሕጉ ከፍቷል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን መታወቂያው የጠፋበትን ሰው ማን ይመሰክርለታል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ምስክሩ የቀበሌ ሹም ብቻ ከሆነ የተፈናቃዩ ድምፅ የሹሙ ድምፅ የመሆን አደጋ አለው። ዱቤ የሰጠው ባለ ሱቅ፣ በቀን ሥራ ያሠራው ባለ ወፍጮ፣ የዕድርና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሽማግሌዎች አብረው ቢመሰክሩ ነገሩ ይቀናል።

ከዚህ የሚብሰው ነጋዴውን ራሱን የሚነካው ነው። ምርጫ ሲቃረብ «ድጋፍ» የሚባል መዋጮ በየሱቁ ይዞራል። ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው አንዳንድ ጊዜ ፈቃድ የሚያድሰው መሥሪያ ቤት ባልደረባ ይሆናል። ያልሰጠው ላይ በቀጥታ የሚደረግ ነገር የለም፤ ግን ሚዛኑ ይመረመራል፣ የሱቁ በረንዳ ከመንገድ ልክ አለፈ ይባላል፣ ፋይሉ ይጠፋል። ሕጉ የመንግሥትን ሀብትና ሥልጣን ለፓርቲ ሥራ ማዋልን ይከለክላል፤ መዋጮውም በደረሰኝ ለፓርቲው ሒሳብ የሚገባ መሆን አለበት። ነጋዴው ግን ሰላም ለመግዛት ሲል ይሰጣል፣ ደረሰኝም አይጠይቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ደረሰኝ ሳይጠይቅ የሰጠ ሰው በኋላ «ኮሮጆ ተገለበጠ» ብሎ ሲያማ አቋሙ ደካማ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ምክር ቤት የተቋቋመው ደግሞ ብቻውን የሚከብደውን አብሮ ለመሸከም ነው። የከተማው ነጋዴዎች በአንድነት «ለየትኛውም ፓርቲ ያለ ደረሰኝ አንሰጥም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው በኩልም አንሰጥም» ቢሉ ይህ ከማንም ጋር አያጣላም፤ ለገዢውም ለተቃዋሚውም እኩል የሚሠራ የንግድ ደንብ ነውና።

እዚህ ላይ የንግድ ምክር ቤቶችም ከራሳቸው ቤት መጀመር አለባቸው። የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች በአዋጅ ቍጥር 341/1995 ሲቋቋሙ አመራራቸው በአባላት እንዲመረጥ ተደንግጓል። በየስፍራው የሚታየው ግን ሁልጊዜ የሚያኰራ አይደለም። የዕጩዎች ስም በዋዜማው በሆቴል ጠረጴዛ ዙሪያ ይቈረጣል፤ በጉባኤው ላይ እጅ ይወጣል፣ እጁን ግን የሚቈጥር የለም፤ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ ሻይ ይጠጣል። ሙሉ ድምፅ የሚለው ቃል ከ2007ቱ 547 ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። የምክር ቤት አባላት በምስጢር መርጠው፣ እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘው ድምፅ በቍጥር ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ተሸናፊውም ወረቀቱን ቢቈጥር፣ ወጪው ከአንድ ደብተር ዋጋ አይበልጥም። መምረጥና መሸነፍ የሚለመደው በእንዲህ ያለው ትንሽ ቤት ነው፤ በአገር ደረጃ መሸነፍን ገና ያልለመደ ሕዝብ በማኅበሩ፣ በዕድሩ፣ በምክር ቤቱ ቢለማመደው አይጐዳም።

ለአገሩ ምርጫም የነጋዴው ወገን ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከተራ ሙያው አይርቅም። ዕጩ ደግፉ፣ ዕጩ ንቀፉ የሚለው ለየሰው ኅሊና ነው። ሒሳብ መደመርን ግን ነጋዴ የሚተካከለው የለም። በሕጉ መሠረት ድምፅ መስጠት ከማታው 12 ሰዓት ይዘጋል፤ ቈጠራውም በዚያው ይቀጥላል። በየጣቢያው አቅራቢያ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ወረቀቱ በተለጠፈ ጊዜ ሄዶ አንብቦ ቍጥሮቹን በደብተሩ ቢገለብጥ (ኮሮጆ ለሚገለብጡት ይህኛው መገልበጥ መልካም መልስ ይሆን ነበር) በማግሥቱም ደብተሮቹ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደምረው ቦርዱ ከሚያስታውቀው ጋር ቢተያዩ፣ ቢስማሙ ለቦርዱ ምስክርነት፣ ባይስማሙ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወፍራም ጋቢና ሁለት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ማጣት ነው። የደብረ ብርሃን ሌሊት ብርዱ ጽኑ፣ ነፋሱም ብርቱ ስለ ሆነ በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት እስኪነጋ በበሩ ላይ መቈየቱ አይታመንምና፣ መገልበጡ በዚያው ሌሊት ቢሆን ይመረጣል።